ለቆዳ ውበት ሕክምና ሐኪም ሲመርጡ ማንን ከማን ጋር ያወዳድራሉ?

ከጆሮዬ ሥር ተነስተው ወደ አገጬ የሚወርዱ ሦስት ጥቁር ምልክቶች ነበሩኝ። ሦስቱም አራት ማዕዘን፣ ሦስቱም እኩል፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ። የአገጭ ፀጉሬን ለማስወገድ በሄድኩበት ቦታ የተጠቀሙበት የብርሃን መሣሪያ ጫፉ ልክ ያንን ቅርጽ ነበረው፤ እንደ ማኅተም ቆዳዬ ላይ አርፎ ነበር። የሠራችልኝ ልጅ ነጭ ጋውን ለብሳለች። ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ ሰርተፍኬት አለ፤ የማን እንደሆነ ግን ቀና ብዬ አላነበብኩም። ሲያቃጥለኝ «ትንሽ ታገሺ፣ መሥራቱ ነው» አለችኝ፤ ታገስኩ። ምልክቶቹ እስኪጠፉ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ፀጉሬን ፊቴ ላይ ጥዬ ነው የወጣሁ የገባሁት።

ሰው ለእንዲህ ያለ ሕክምና ቦታ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ የሚያወዳድረው ዋጋውን፣ የመሣሪያውን ስምና «በፊትና በኋላ» የሚሉትን ፎቶ ነው። ሦስቱም ይጠቅማሉ፤ ግን ተራቸውን ይጠብቁ። ከእነሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ይህ ሰው ቆዳዬን ከመንካቱ በፊት ያለብኝ ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይችላል ወይ? ነገሩ ቢበላሽስ ራሱ ያክመኛል ወይስ ሌላ ሐኪም ፍለጋ ልዞር ነው? ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምመዝነው በእነዚህ ሁለቱ ነው።

ጋውኑ አንድ ነው፣ ትምህርቱ ግን ይለያያል

የቆዳ ስፔሻሊስት፣ ማለትም ደርማቶሎጂስት፣ የሕክምና ዲግሪውን ከያዘ በኋላ በብዙ አገሮች ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ስለ ቆዳ፣ ፀጉርና ጥፍር በሽታዎች ሲሠለጥን የቆየ ሰው ነው። ትልቁ ጥንካሬው መለየት ነው። ጉንጭ ላይ የወጣው ጥቁረት ማድያት ይሁን፣ ብጉር ጥሎት የሄደው ጥላ ይሁን፣ ክሬም ያመጣው ጉዳት ይሁን፣ ወይም ጭራሹኑ የውስጥ በሽታ ምልክት ይሁን አይቶ፣ ጠይቆ፣ ካስፈለገም ናሙና ወስዶ ይናገራል። ለሌዘር፣ ለፒሊንግ (ቆዳን በአሲድ ለመላጥ)፣ ለብጉር ጠባሳና ለማድያት መጀመሪያ የምሄደው እሱ ዘንድ ነው። ነገር ግን የቆዳ ስፔሻሊስት ሁሉ የውበት ሥራ አይሠራም። ቀኑን ሙሉ ችፌና ሥጋ ደዌ ሲያክም የሚውል፣ በሙያው የተመሰገነ ሐኪም የሌዘር መሣሪያ ይዞ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ስፔሻሊስትነቱን ካረጋገጡ በኋላ «ይህንን ሥራ በወር ስንት ጊዜ ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሌላ ነው። መቁረጥና መስፋት ካለበት፣ ለምሳሌ የተንጠለጠለ የዓይን ቆብ፣ የተለጠጠ ቆዳ ወይም ሰፊ ጠባሳ ከሆነ፣ ሥራው የእሱ ነው። የፊትን የደም ሥርና ጡንቻ አቀማመጥ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ፊለር (ለመሙያ የሚወጋ ጄል) እና ቦቶክስ (ጡንቻ አዝናንቶ የፊት መጨማደድን የሚቀንስ መርፌ) ላይም ጥሩ እጅ ይኖረዋል። በቆዳ ቀለም ችግር ላይ ግን የቆዳ ስፔሻሊስቱን ያህል አላምነውም፤ ሥልጠናው ያ ስላልሆነ ነው እንጂ ስላነሰ አይደለም።

ስም ያሳስታል። በአውስትራሊያ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ የቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ያልወሰደ ሐኪምም ራሱን «ኮስሜቲክ ሰርጀን» ብሎ መጥራት ይችል ነበር። በዚያ ዓመት ሕጉ ተቀይሮ «ሰርጀን» የሚለው መጠሪያ በታወቁ የስፔሻሊቲ ዘርፎች ለሠለጠኑ ሐኪሞች ብቻ ተወሰነ። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን «የውበት ሐኪም»፣ «ኤስቴቲክ ስፔሻሊስት»፣ «የቆዳ ኤክስፐርት» የሚሉት መጠሪያዎች ማንም በሩ ላይ ሊጽፋቸው የሚችላቸው ቃላት ናቸው። የሚጠየቀው ጥያቄ «ሐኪም ነዎት?» ሳይሆን «ስፔሻላይዝ ያደረጉት በምንድን ነው፣ የሙያ ፈቃድዎ ላይስ ምን ይላል?» የሚለው ነው።

በአጭር ኮርስ ወደዚህ ሥራ የገባ ጠቅላላ ሐኪምም አለ። እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። በስፔሻሊስት ሥር ዓመታት ሠርተው፣ አቅማቸውን አውቀው፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን የሚያስተላልፉ ጠቅላላ ሐኪሞች አሉ። በሁለት ቀን ሥልጠና የምስክር ወረቀት ይዘው ሰኞ ጠዋት መርፌ የሚያነሱም አሉ። ወረቀቱን በማየት ብቻ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። የሚለያቸው ኮርሱ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ በማን ክትትል ሥር ስንት ሰው እንደሠሩና የማይሠሩት ነገር ምን እንደሆነ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ነው። «ሁሉንም እንሠራለን» የሚል መልስ ካገኙ ቦርሳዎን አንስተው ይውጡ።

ነርስ የምትሠራበት ቦታ ከሆነ ያዘዘው ሐኪም እርስዎን በዓይኑ አይቷል ወይ? ሥራው ሲሠራስ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ወይ? የውበት ባለሙያ ደግሞ ፊት በማጽዳት፣ በማስክና በቀላል እንክብካቤ ሙያዋ የተከበረ ነው። መርፌ፣ ቆዳ የሚልጥ ጠንካራ አሲድና ነጥብ ማቃጠል ግን የእሷ ሥራ አይደሉም። ሌዘርም ሆነ ሌላ የብርሃን መሣሪያ ሐኪም ሳያይዎት አይሠራ፤ የእኔ ፊት ምስክር ነው።

ለምኑ ማን?

ቦቶክስ ከሌሎቹ ይቅር ባይ ነው። በጥቂት ቀናት መሥራት ይጀምራል፣ በሁለት ሳምንት ሙሉ ውጤቱ ይታያል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ቆይቶ ይጠፋል። ቦታ ስቶ የዓይን ቆብ ቢጥልም በጊዜው ይመለሳል። የሚያሳስበኝ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በተለያዩ ግዛቶች ሐሰተኛ ቦቶክስ መገኘቱን አስታውቋል፤ ተወግተው ሆስፒታል የገቡ ሰዎችም ነበሩ። ሐኪሙ ብልቃጡን ፊትዎ ከፍቶ የምርቱን ስምና የባች ቁጥሩን (የተመረተበትን ዙር የሚለየውን ቁጥር) ያሳይዎት። ስንት ዩኒት (የመድኃኒቱ መለኪያ) እንደሚወጋዎትም ይንገርዎት። የአንዱ ምርት ዩኒት ከሌላው ጋር እኩል አይደለም፤ ስለዚህ ሁለት ሐኪሞችን ሲያወዳድሩ ቁጥሩን ብቻ ይዘው «እዚያ የበለጠ ዩኒት ሰጡኝ» ማለት ትርጉም የለውም።

ፊለር ላይ ግን ልቆይ። ከንፈር ወይም ጉንጭ ለመሙላት የሚወጋው ጄል በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ወይም ደም ሥሩን ከተጫነው ደም ይቋረጣል። ቆዳው ሊሞት ይችላል። በተለይ በአፍንጫ፣ በቅንድብ መሃልና በግንባር አካባቢ ጄሉ ወደ ዓይን በሚሄደው ደም ሥር ተጉዞ ሰው ዓይኑን ያጣበት ጊዜ አለ። ይህ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን በደቂቃዎችና በሰዓታት የሚቆጠር ነገር ነው። ፊለሩ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራ ከሆነ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። ስለዚህ ሁለት የፊለር ሐኪሞችን የምለይበት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሃያሉሮኒዴዝ አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ አለ?» አንዷ መሳቢያ ከፍታ ታሳያለች፤ ሌላው «እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ አጋጥሞን አያውቅም» ይላል። ሁለተኛው መልስ ማጽናኛ ይመስላል፤ እኔ ግን የምሸሸው እሱን ነው። ሲሊኮንና ሌሎች የማይጠፉ ፊለሮች ደግሞ በዚህ መድኃኒት አይሟሙም። ለዘለቄታው የሚቆይ መሆኑን እንደ ጥቅም የሚያቀርብልዎት ሰው፣ ጉዳቱም ለዘለቄታው እንደሚቆይ አብሮ ሊነግርዎት ይገባል።

ፒሊንግ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላል፤ አይደለም። ላዩን ብቻ የሚልጥ ቀላል የግላይኮሊክ ወይም የሳሊሲሊክ አሲድ ፒሊንግ አለ፣ መካከለኛ ጥልቀት ድረስ የሚገባ ቲሲኤ የሚባል አሲድ አለ፣ እጅግ የሚጠልቅ ፌኖል አለ። ፌኖል የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል የልብ መከታተያ በሌለበት ክፍል መሠራት የለበትም። የአሲዱን ስምና መጠኑን በመቶኛ የማይነግርዎት ሰው ፊትዎ ላይ አሲድ አይቀባዎት።

ነጥብ ማስወገድ ቀላል የሚመስል ነገር ግን እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ነው። ፊት ወይም እግር ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ «በአምስት ደቂቃ በሌዘር እናጠፋታለን» ይባላል። ነጥቧ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ብትሆንስ? ሌዘሩ ላዩን አቃጥሎ ሥሩን ይተወዋል፣ ለፓቶሎጂ (ለላቦራቶሪ ምርመራ) የሚላክ ናሙናም አይቀርም። «ይህ የነጮች በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ቦብ ማርሌይን በ1981 እ.ኤ.አ. የገደለው ካንሰር የጀመረው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር፤ በጥቁር ሰው ላይ ይህ በሽታ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። የምትለወጥ፣ የምትሰፋ፣ የምትደማ ወይም ቀለሟ የተዘበራረቀ ነጥብ ካለችዎት በዴርማቶስኮፕ፣ ማለትም ቆዳን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ፣ የሚያይና አጠራጣሪ ከሆነች ቆርጦ ለምርመራ የሚልክ ሐኪም ያስፈልግዎታል። እዚህ ላይ ውድድር የለም፤ የቆዳ ስፔሻሊስት ብቻ ነው።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ የሠራ ሐኪም

ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃን ይመጥጣል። የፀጉር ማስወገጃ ሌዘር የተነደፈው በፀጉሩ ውስጥ ያለውን ሜላኒን እንዲያገኝ ነው፤ ቆዳው ራሱ በሜላኒን የበለፀገ ከሆነ ግን ኃይሉን መንገድ ላይ ቆዳው ይቀበለውና ይቃጠላል። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ሲጨምር ሜላኒን የሚመጥጠው ብርሃን ይቀንሳል። ለጥቁር ቆዳ 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ ሌዘር የሚመረጠው ለዚህ ነው። 755 ናኖሜትር የሆነው አሌክሳንድራይት ለነጣ ቆዳ ይሻላል። አይፒኤል የሚባለው የብርሃን መሣሪያ ደግሞ ጭራሽ ሌዘር አይደለም፤ ብዙ የሞገድ ርዝመት ቀላቅሎ የሚረጭ ነው። የእኔን ፊት ያተመው እሱ ነበር።

ሐኪሞች የቆዳን ዓይነት የሚመድቡት በ1975 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በጀመረውና ኋላ ላይ ከነጣው ወደ ጥቁሩ እስከ ስድስት ደረጃ በሰፋው መለኪያ ነው። «የእኔ ቆዳ በፊትዝፓትሪክ ስንተኛ ነው? መሣሪያዎ የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ፈተና አይደለም፤ በየቀኑ የሚሠራበት ሰው ሳያስብ የሚመልሰው ነው። አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ቆዳ ከጉዳት በኋላ ቶሎ ይጠቁራል፣ ኬሎይድ (አብጦ የሚያድግ ጠባሳ) የማውጣት ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። ጆሮዎን ተበስተው፣ ቀዶ ሕክምና አድርገው ወይም ብጉር ድኖ ጠባሳው አብጦ የቀረበት ቦታ ካለ ሳይጠየቁም ይናገሩ።

ማድያትን የሚያክም ሐኪም ሲመርጡ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሌዘር የሚያቀርብልዎት ሳይሆን በፀሐይ መከላከያ፣ በሚቀባ መድኃኒትና በትዕግሥት የሚጀምረው ይሻላል። ሙቀትና ብርሃን ማድያትን ያባብሳሉ፤ ሌዘር ለጥቂት ሳምንት አቅልሎት ከበፊቱ አጥቁሮ የሚመልሰው ጊዜ ብዙ ነው። «በሦስት ቀን እናጠራልዎታለን» ብሎ ስም የሌለው ክሬም በትንሽ ዕቃ ቀድቶ የሚሰጥ ክሊኒክም አለ። እንዲህ ያለው ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን (ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት) ወይም ሜርኩሪ ነው። ስቴሮይዱ ቆዳውን ያሳሳል፣ ሲቆምም ፊቱ ይቀላል፣ ይቆጣል። ያለ ሐኪም ክትትል ለዓመታት የተቀባ ሃይድሮኪኖን ራሱ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ያመጣል። ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል።

ሁለት የመጀመሪያ ቀጠሮዎች

ከቃጠሎው በኋላ ሁለት ቦታ ሄጄ ነበር። የመጀመሪያው ሰፊና የሚያምር ነው። የተቀበለችኝ አማካሪ ናት፤ ሐኪም አይደለችም። ፊቴን ከጠረጴዛ ማዶ አይታ «ስድስት ጊዜ ሌዘር ያስፈልግሻል፣ ዛሬ ከከፈልሽ ቅናሽ አለው» አለችኝ። ሐኪሙን የማገኘው «በሥራው ቀን» እንደሆነ ነገረችኝ።

ሁለተኛው ጠባብ ክፍል ነው። ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ገና ስገባ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው ፊቴን በቀን ብርሃን አዩት፤ ከዚያ መብራት አጥፍተው ውድስ ላምፕ በሚባለው ወይን ጠጅ ብርሃን አዩት፤ ከዚያ በጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። ምን እንደምቀባ ጠየቁኝ፤ «ምንም» አልኩ። «ሳሙናሽስ? የእናትሽ ክሬምስ? ጓደኛሽ ያመጣችልሽስ?» ሲሉኝ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ቱቦ አውጥቼ ሰጠኋቸው። የብጉር ክኒን ወስጄ እንደማውቅ፣ ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኝ እንደሆነ፣ እርጉዝ መሆን አለመሆኔን ጠየቁ። ጥያቄዎቹ ለወግ አልነበሩም። ምች የሚወጣበት ሰው አፉ አካባቢ ሌዘር ወይም ፒሊንግ ከመሠራቱ በፊት የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ለእርጉዝ ቦቶክስ አይሰጥም። መጨረሻ ላይ «አሁን ምንም አልሠራልሽም። ቃጠሎ ላይ ሌላ ሙቀት አልጨምርም። ፀሐይ መከላከያ ተቀቢ፣ ይህንን ቱቦ ጣይው፣ ከሁለት ወር በኋላ ነይ» አሉኝ።

በመጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ገንዘብ ከፍዬ ባዶ እጄን የወጣሁ መሰለኝ። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ከሁሉ በፊት የምነግረው ይህንን ነው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ታካሚ ሳይሠሩ የመለሱት መቼና ለምን እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። የብሪታንያ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት ለውበት ሕክምና በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከታካሚው ጋር ተወያይቶ ፈቃድ የሚቀበለው ሥራውን የሚሠራው ሐኪም ራሱ መሆን እንዳለበትና ለማሰቢያ ጊዜ መስጠት እንዳለበት ደንግጓል። የትም አገር ቢሆኑ በዚህ መመዘን ይችላሉ። «ዛሬ ከከፈልሽ» እና «ከሁለት ወር በኋላ ነይ» የሚሉት ሁለት ቦታዎች ላይ የመሣሪያው ዓይነት አንድ ቢሆን እንኳ ሕክምናው አንድ አይሆንም።

ወረቀቱና ፎቶው

የሙያ ፈቃድ ግድግዳ ላይ በማየት አይረጋገጥም። ፈቃዱን ለሰጠው የጤና ተቆጣጣሪ አካል ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን ይዞ መጠየቅ ይቻላል፤ በብዙ አገሮች በኢንተርኔት የሚፈለግ መዝገብ አለ። የግል ማኅበር አባልነትና የኮርስ ሰርተፍኬት የስፔሻሊስት ፈቃድን አይተኩም።

ፎቶዎቹን ሲያዩ መብራቱን ይመልከቱ። «በፊት» የሚለው ጠቆር ባለ ክፍል፣ «በኋላ» የሚለው ፊት ለፊት በተበራ መብራትና በሜካፕ ከተነሳ ማስረጃ አይደለም። የእርስዎን ዓይነት ቆዳ ያለው ሰው ፎቶ ይጠይቁ፤ ከተሠራ ሳምንት ሳይሆን ስድስት ወር የሞላው ቢሆን ይመረጣል። የተከታይ ብዛት ስለ እጅ ጥበብ የሚናገረው ነገር የለም።

ሁለቱም ጥሩ ሲሆኑ

አንዳንዴ ሁለት ስፔሻሊስቶች፣ ሁለቱም ልምድ ያላቸው፣ ሁለቱም ቅን፣ እጅዎ ላይ ይቀራሉ። ያኔ ዋጋ ይግባ፤ ግን ክትትሉን ጨምሮ ያስሉት። ከሥራው በኋላ ያለው ቀጠሮ ይከፈልበታል? ጥቁረት ቢመጣ ሕክምናው በማን ወጪ ነው? ማታ ቢያብጥብኝ ወይም ቆዳዬ ገርጥቶ ቢያመኝ የምደውለው ለማን ነው? ስልኩን የሚያነሳው እንግዳ ተቀባይ ነው ወይስ ሐኪም? ቅርበትም ቀላል ነገር አይደለም። አገር አቋርጠው ሄደው ተሠርተው በማግሥቱ የሚመለሱ ከሆነ፣ ችግሩ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ሐኪምዎ ሌላ አገር ነው።

እኔ በመጨረሻ የአገጭ ፀጉሬን ያስወገድኩት በእኚያ የጠባቧ ክፍል ሐኪም እጅ ነው፤ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ። በመጀመሪያው ቀን የሠሩት ከመንጋጋዬ ሥር፣ አንገትጌ የሚሸፍነው ቦታ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ብቻ ነበር። የሌዘሩን ዓይነት፣ ኃይሉንና ቀኑን በትንሽ ካርድ ጽፈው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፣ አንዱን ፋይሌ ውስጥ አስገቡ። ካርዱ ጀርባ ላይ በእጃቸው የጻፉት የራሳቸው ስልክ ቁጥር አለ። «ቢያሳክክሽም ደውይ» አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ያቺን ቦታ በቀን ብርሃን አይተው ነው ወደ ቀሪው ፊቴ የሄዱት።